መልከ ጥፉው ቆላፊ፦ ኤክስስክሪንሴቨር በጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ደጅ ላይ ደግሞ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር። ሥራችን አብዛኛው የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። ክስ፣ የመከላከያ መልስ፣ ይግባኝ፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የውርስ ጉዳይ። ጠዋት ከሳሽ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ከሰዓት ተከሳሽ ይቀመጥበታል። አንዳንዴ እንደማይተዋወቅ ሰው ጎን ለጎን ሆነው ወረፋ ይጠብቃሉ። እንግዲህ እኔ ቶነር ልቀይር ጀርባዬን ባዞር፣ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ የቀረው የማን ጉዳይ እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ የስክሪን መቆለፊያ ለኛ ቤት ጌጥ አይደለም። ስለ አንድ ቆላፊ ፕሮግራም ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ኮምፒዩተሮቹ ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ናቸው። ዊንዶውስ ሲከብዳቸው የእህቴ ልጅ ዙቡንቱ ጫነልኝ። ዙቡንቱ በዊንዶውስ ፈንታ ከሚጫኑት የሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ፣ የኡቡንቱ ቀለል ያለው ዓይነት ነው፤ ዴስክቶፑ ኤክስኤፍሲኢ ይባላል። ለድሮ ማሽን ይመቻል። ሁሉም ነገር ደህና ነበር፣ ከቆላፊው በቀር።

የበፊቱን ቆላፊ ስሙን አልጠራም። ችግሩ ግን ይሄ ነበር። ማሽኑ ተኝቶ ሲነቃ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፋኑ ይዞራል፣ የሞኒተሩ መብራት በርቷል፣ የማውሱ ቀስት እንኳ ይንቀሳቀሳል። ፓስወርድ የሚጠይቅ ሳጥን ግን የለም። ሠራተኛዬ «እትዬ፣ ደግሞ ጠቆረብኝ!» ስትል ከደጅ እሰማታለሁ። ባለጉዳዩ የችሎት ሰዓቱ ደርሶበታል። ማሽኑን በጉልበት አጥፍቶ ማስነሳት ይቻላል፣ ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍ ግን አብሮ ይሄዳል።

ማሽኑ እንዲህ የሚያደርግበት ሰው ካለ፣ ከማጥፋቱ በፊት ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ7ን አንድ ላይ ይጫን። ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑ ያለው እዚያ ነው፤ ሳጥኑም ብቅ ይላል። እምቢ ካለ ደግሞ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን ተጭኖ ጽሑፍ ብቻ ወዳለበት ጥቁር መግቢያ ይሂድ። በስሙና በፓስወርዱ ይግባና በሱዱ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ «ሎጊንሲቲኤል አንሎክ ሰሽንስ» (sudo loginctl unlock-sessions) የሚለውን ትእዛዝ ይስጥ። ከዚያ ከጥቁሩ መግቢያ በ«ኤግዚት» ይውጣ፣ ወደ ኤፍ7 ይመለስ። ያለቀለት የመሰለው አቤቱታ እንዳለ ይገኛል። መውጣቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሚጠቁርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያ ቆላፊ የራሱ የፓስወርድ ሳጥን የለውም። ሥራውን ለመግቢያው ስክሪን ያስተላልፋል፣ መግቢያው ስክሪን ደግሞ ያለው ሌላ ተርሚናል ላይ፣ ማለትም እንደ ኤፍ7ና ኤፍ3 ባለ ሌላ ማሳያ ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ምስል ወደ ሞኒተሩ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ካልተከተለው ጨለማ ላይ ይቀራል። የኛ ማሽን ድራይቨር አልተከተለውም።

እሱን አስወጥቼ ኤክስስክሪንሴቨርን አስገባሁ። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይባላል፤ የዚህኛው ስሙም አያምርም። ፕሮግራሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የጻፈው ጄሚ ዛዊንስኪ ይባላል፤ ኔትስኬፕ ብሮውዘርን ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮች አንዱ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የምሽት ክበብም አለው። ክበቡን እያስተዳደረ ፕሮግራሙን እስከ ዛሬ አልተወውም። እኔ ይሄን ሰው እወደዋለሁ። ከ30 ዓመት በላይ አንድ ቆላፊ ይዞ የሚጨቃጨቅ ሰው የት ይገኛል?

የሚጨቃጨቅበት ነገር ደግሞ ቁም ነገር ነው። እኔም ቆላፊ የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ሆኗል፦ ሲበላሽ ምን ይሆናል?

ሊኑክስ ላይ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት የድሮው የማሳያ ሥርዓት ኤክስ11 ይባላል። ኤክስ11 «ተቆልፏል» የሚባል ነገር አያውቅም። ቆላፊው እንደማንኛውም ፕሮግራም ነው። ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን መስኮት ይከፍታል፣ ኪቦርዱንና ማውሱን ለራሱ ይይዛል፣ በቃ። በር ሳይሆን መጋረጃ ነው። ፕሮግራሙ በሆነ ስህተት ከሞተ መጋረጃው ይወድቃል፣ ዴስክቶፑም ፓስወርድ ሳይጠየቅ ወለል ብሎ ይከፈታል።

ይሄ ሲሆን ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2021 ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚጠቀም አንድ አባት ልጆቹ የተቆለፈ ኮምፒዩተሩን እየነካኩ እንደከፈቱት ሪፖርት አደረገ። አንዱ እውነተኛውን ኪቦርድ ሌላው ስክሪን ላይ ያለውን ኪቦርድ እኩል ሲደበድቡ ቆላፊው ወደቀ፣ ዴስክቶፑ ተከፈተ። ሚንቶች ወዲያው አስተካከሉት። ቆላፊውን ለመጣል የተለየ ጥበብ አላስፈለገም፤ ሁለት ሕፃናት በቂ ነበሩ።

ዛዊንስኪ ይሄን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲጮህበት ኖሯል። መፍትሔው ቀላል ነው። የሚቆልፈው ክፍል ትንሽ ይሁን፣ የሚያምር ነገር ሁሉ ከሱ ይራቅ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ስሪት 6 ፕሮግራሙን ለሦስት ከፈለው። አንዱ ኪቦርዱን ይዞ ይጠብቃል። ሁለተኛው ስክሪኑ ሥራ ሲፈታ የሚመጣውን ሥዕል ያሳያል። ሦስተኛው ፓስወርድ ይጠይቃል። ሥዕሉ ቢወድቅ፣ የፓስወርዱ ሳጥንም ቢወድቅ፣ የመጀመሪያው ቁልፉን ይዞ ይቀጥላል። ሳጥኑ አስቀያሚ የሆነው ለዚህ ነው፤ ዘመናዊ ማስዋቢያ ይገባበት ቢባል ሊያስወድቅ የሚችል ነገር አብሮ ይገባል። ደንበኛ ሳጥኑን አይቶ «ይሄ ኮምፒዩተር የስንት ዓመት ነው?» ቢለኝ ግድ የለኝም።

ዊንዶውስ የለመደ ሰው ይሄ ሁሉ ሊገርመው ይችላል። ዊንዶውስ መቆለፊያውን ከተጠቃሚው ዴስክቶፕ ለይቶ ራሱ ሲስተሙ ስለሚይዘው፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤልን ተጭኖ የሄደ ሰው ስለ መጋረጃ አይጨነቅም። በዚህ በኩል ዊንዶውስ ይበልጣል፤ ሐቅ ሐቅ ነው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። መጀመሪያ የድሮውን ቆላፊ ማስወጣት ግድ ነው። ሁለት ቆላፊ እኩል ሲሠራ ፓስወርድ ሁለቴ ይጠየቃል፣ ወይ አንዱ ሌላውን ሸፍኖ የተጻፈው የት እንደገባ አይታወቅም። የኤክስኤፍሲኢ የኃይል ማስተካከያም «ስትተኛ ቆልፍ» የሚል የራሱ ምልክት ማድረጊያ አለው። እሱም መታየት አለበት።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚያታልለው ነው። ኤክስስክሪንሴቨር ሲጫን ስክሪን ያጠፋል እንጂ አይቆልፍም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሥዕል ይመጣል፣ ማውሱን ነካ ሲያደርጉት ዴስክቶፑ ይመለሳል። ፓስወርድ የለም። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ «ስክሪን ቆልፍ» የሚለውን ራስዎ ማብራት አለብዎት። ቆላፊ ፕሮግራም ሳይቆልፍ መምጣቱ ለኔ አልተዋጠልኝም። እኛ ቤት 2 ደቂቃ ላይ አድርገነዋል፣ መቆለፉም ወዲያው ነው። ከዚያ በላይ አቋራጭ ቁልፍ ሰጥተነዋል፤ ከወንበር የተነሳ ሰው ሳይጫን አይሄድም።

ሌላው የፓስወርዱ ሳጥን ጎን ላይ ያለው መስመር ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ያልቃል። ለ30 ሰከንድ ምንም ካልጻፉ ሳጥኑ ይዘጋል። ሠራተኛዬ መጀመሪያ ላይ መስመሩን እያየች እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈተና ላይ ያለች ነው የምትመስለው። አሁን ለምዳዋለች። ከተሳሳተ ሙከራ በኋላ ሲከፈት ደግሞ ስንት ጊዜ ሳይሳካ እንደቀረ ይነግራል። ይሄን ወድጄዋለሁ፤ ምሳ ሄጄ ስመለስ ወንበሬ ላይ ማን ተቀምጦ ይሞክር እንደነበር ለመጠየቅ ምክንያት ይሰጠኛል።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚገጥመው ችግር ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ፓስወርዱ ልክ ነው። ካፕስ ሎክ ጠፍቷል። ግን አይገባም። ምንድነው? ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ተቆልፏል። ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ፊደል ይግባ ላቲን አይታወቅም። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሄ የየቀኑ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ላይ ነን።

ሊኑክስ ላይ አማርኛ በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዱ እንደ አይባስ ወይም ኪይማን ያለ የግቤት ፕሮግራም ነው። በላቲን ፊደል ስንጽፍ ወደ አማርኛ ፊደል የሚቀይርልን እሱ ነው። ቆላፊው ኪቦርዱን ሲይዘው ይሄ ፕሮግራም መሐል ስለማይገባ ፓስወርዱ በላቲን ይደርሳል። ችግር የለም። ሁለተኛው መንገድ የኪቦርዱን አቀማመጥ ራሱን አማርኛ ማድረግ ነው። ይሄኛው ከሥር፣ ማሳያው ሥርዓት ውስጥ ያለ ስለሆነ ቆላፊው ሲመጣም አይለወጥም። ጉዱ ያለው እዚህ ነው።

መፍትሔው የቋንቋ መቀየሪያውን ከፓነሉ ላይ ካለችው ባንዲራ ማላቀቅ ነው። ባንዲራዋ ቆላፊው ሥር ትሸፈናለች፣ መንካት አይቻልም። ቅንብሩ ውስጥ አልትና ሺፍት ቋንቋ እንዲቀይሩ ካደረግን ግን ያም ከሥር ስለሚሠራ ስክሪኑ ተቆልፎም ይቀይራል። ስለዚህ ፓስወርድ እምቢ ሲል የቤታችን ሕግ አንድ ነው፦ ባክስፔስ፣ አልት ሺፍት፣ እንደገና። ከዚህ በፊት ሦስተኛ ሙከራ የለም። አርች ሊኑክስን የመሰሉ ሲስተሞች ሦስቴ ከተሳሳቱ አካውንቱን ለ10 ደቂቃ ይዘጋሉ። ዙቡንቱ እንደዚያ አያደርግም፣ ግን ልማዱ አይጎዳም።

ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። የቀኝ ማውስ ተጭነው ሜኑ ከፍተው ቢሄዱ ስክሪኑ ላይቆለፍ ይችላል። ሜኑው ኪቦርዱንና ማውሱን ይዞታል፤ ኤክስ11 ደግሞ ከአንድ ፕሮግራም በላይ እንዲይዘው አይፈቅድም። ቆላፊው መጥቶ ቢለምን «ተይዟል» ይባላል። ይሄ የኤክስስክሪንሴቨር ጥፋት አይደለም፣ የኤክስ11 ነው፣ ሁሉም ቆላፊ ላይ ይደርሳል። አንዳንዴ «ለምን አልቆለፈም?» ብሎ የሚቸገር ሰው ፕሮግራሙን ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት የሚሠራውን እየዘገበ እንዲሄድ አድርጎ ቢያስነሳው ኪቦርዱን መያዝ አልቻልኩም የሚል መስመር ያገኛል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፊልም እየታየ ከሆነ ደግሞ ሆን ብሎ ነው የማይቆልፈው፤ ተጫዋቹ «አታጥፋብኝ» ብሎ ይጠይቀዋል። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፊልም የሚያይ ማን እንደሆነ የማጣራው እኔ ነኝ።

መብራትም አለ። መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ትንሽ ይታገላል፣ ማሽኑ ይጠፋል። ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፤ ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ እንደዚያ ተደርጎ ነው የመጣው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ለሥራ እንዲመቸን ብሎ ያለ ፓስወርድ እንዲገባ አድርጎት ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ተቆልፎ የነበረ ማሽን መብራት ሄዶ ሲመለስ ክፍት ዴስክቶፕ ሆኖ ይጠብቃል። የትኛውም ቆላፊ ከዚህ አያድንም። አውቶማቲክ መግቢያውን አጥፉት። ማጥፋት የማይፈልግ ሰው ቢያንስ ዴስክቶፑ ሲነሳ አብሮ እንዲቆለፍ የኤክስስክሪንሴቨርን የመቆለፊያ ትእዛዝ መነሻ ፕሮግራሞች ውስጥ ያስገባ።

ጥቁሩን መግቢያ ጠቅሼ ነበር። ኤክስስክሪንሴቨር የሚሸፍነው ዴስክቶፑን ብቻ ነው። በኤፍ3 ገብቶ ሳይወጣ የተመለሰ ሰው ያን በር ክፍት ትቷል ማለት ነው። ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን የሚያውቅ ሁሉ ይገባበታል። ለዚህ ነው መውጣት ያልኩት።

ማሻሻያ ሲጫን ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊው የሲ ላይብረሪ እና የመሳሰሉት ሲታደሱ ኡቡንቱና እሱ የተሠራበት ዴቢያን «ኤክስስክሪንሴቨር እየሠራ ነው፣ ካላስቆምከው በኋላ ላትገባ ትችላለህ» ይላሉ። ሰው አንብቦት ያልፋል። አትለፉት። ማሻሻያ እየተጫነ ስክሪኑ ከተቆለፈ የፓስወርድ አረጋጋጩ አሮጌና አዲስ ተደባልቆበት ልክ የሆነውን ፓስወርድ ሊያባርር ይችላል። ማሻሻያ የምንጭነው ማታ ቤቱን ስንዘጋ፣ ቆላፊውን አስቁመን ነው።

ስለ ሥዕሎቹ አጭር ላድርግ። ከ200 በላይ ናቸው። አንዳንዶቹ ድንቅ ናቸው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ግን ባለ ሦስት ገጽታዎቹ ፋኑን ያስጮሁታል። የእህቴ ልጅ ያለውን ጥቅል ሁሉ ጭኖ በዘፈቀደ እንዲቀያየሩ አድርጎት ነበር። ከነሱ አንዱ የተበላሸ ኮምፒዩተር መስሎ የሚያሳይ ነው፤ የዊንዶውስን ሰማያዊ የሞት ስክሪን ሳይቀር ያስመስላል። አንድ አዛውንት ባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ሆነው እሱን አዩ። «የኔ ልጅ፣ ይግባኜ እዚያ ውስጥ ነው እኮ!» ብለው ተነሱ። «አባባ፣ ጨዋታ ነው፣ ይግባኝዎ በደህና ነው» ብል ማን ይስማኝ። ፕሪንት አድርጌ እጃቸው ላይ እስካስቀምጠው አልተቀመጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጥቁር ስክሪን ብቻ» የሚለው ላይ ነው። ከኢንተርኔት ሥዕል እየሰበሰበ የሚለጥፈውን ደግሞ ደንበኛ ያለበት ቤት ጨርሶ አታብሩት፤ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

የማልወደው ነገር አለ። አንዱ የባለቤቱ ጠባይ ነው። ፕሮግራሙ ያረጀ ስሪት ከሆነ «በጣም አሮጌ ነው፣ አድሱ» እያለ ይነዘንዛል። ዴቢያን ለዓመታት አንድ ስሪት ይዞ ስለሚቆይ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ጉዳይ ከዛዊንስኪ ጋር ከፍ ያለ ጭቅጭቅ ነበር። ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። እሱ ያስተካከለውን ስህተት ሰዎች ከዓመታት በኋላ መልሰው ይነግሩታል። እኔ ደግሞ ባለጉዳይ ፊት እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዲወጣብኝ አልፈልግም።

ትልቁ ግን ዌይላንድ ነው። ኤክስ11ን እየተካ ያለው አዲሱ የማሳያ ሥርዓት ላይ ኤክስስክሪንሴቨር አይቆልፍም። የሚያሳዝነው፣ ዌይላንድ ዛዊንስኪ ሲጮህበት የኖረውን ችግር ከሥሩ ፈትቶታል። ለመቆለፍ የተለየ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የአሠራር ደንብ፣ አለው፤ ቆላፊው ቢሞትም ስክሪኑ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ማሽናችሁ በዌይላንድ የሚነሳ ከሆነ ይሄን ፕሮግራም ለመቆለፍ አትጫኑት፤ ዴስክቶፑ ይዞት የመጣውን ተጠቀሙ። የትኛው ላይ እንዳላችሁ ለማወቅ፣ መግቢያው ስክሪን ላይ ስማችሁን ከመረጣችሁ በኋላ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጫኑ። ኤክስኤፍሲኢ ዲሴምበር 2024 ላይ ባወጣው 4.20 ዌይላንድን በሙከራ ደረጃ ጀምሯል። የኛዎቹ ኦፕቲፕሌክሶች ገና ኤክስ11 ላይ ናቸው። የእህቴ ልጅ ሊቀይራቸው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቆላፊው ነው።